የራሴን ሞተሪኖ በ5,800 ብር ገዝቼ ገባሁ

እጄ አሁንም ጥቁር ነው። ታጥቤ፣ ምሳ በልቼ ልጻፍ ብዬ ነበር። ከበረደልኝ ግን እንደማልጽፈው አውቃለሁ። ጅማ ላይ ባጃጅ ያላችሁ፣ በተለይ "ሞተሪኖህ ተቃጥሏል" የተባላችሁ፣ ይቺን አንብቧት። ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም። መርካቶ አካባቢ ካሉት አንዱ ነው። ከፊት ዕቃ ይሸጣል፣ ከጓሮ ያስገጥማል። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። "የህንዱ አለ፣ የቻይናው አለ፣ ላንተ ግን የህንዱን" የሚሉት።

የዛሬ አሥር ቀን ነው የጀመረው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር "ቀጭ" ብቻ። መብራቱ ይበራል፣ ጡሩምባው ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። አስገፍቼ አስነሳሁና ቀጥታ እነሱ ጋር ሄድኩ። አንዱ ልጅ ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ሪሌው (የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚያሻግረው ዕቃ) ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴው አገናኛቸው። ብልጭ አለ። ሞተሪኖው ትንሽ አቃሰተና ዝም አለ። "በቃ፣ ይሄ ተቃጥሏል" አለኝ። አመንኩት። ብልጭታ ያሳየኝን ሁሉ አምናለሁ መሰለኝ።

ባለቤቱ ካርቶን አወጣ። ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ሞተሪኖ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄም ይዤዋለሁ። 6,000 ብር አለ። ስለማመጥ "እሺ፣ አሮጌውን ተውልን፣ ለቆራሌው እንሰጠዋለን፣ 200 ብር እንቀንስልህ" አለ። 5,800 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። የመግጠሚያ 600 ብር ለብቻው። ደረሰኝ ስጠይቅ "ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ብቅ በል" ተባልኩ። ደግሞ አመሰገንኩ! 200 ብር ስለቀነሰልኝ አላህ ይስጥህ ብዬ መርቄዋለሁ።

ከዚያ ባጃጁን ወደ ጓሮ አስገቡት። ልከተል ስል ባለቤቱ ትከሻዬን ያዝ አደረገና "አብሽር ወንድሜ፣ እዚህ ቆመህ ምን ታደርጋለህ? ማዶ ቡና አለች፣ ሄደህ ጠጣ። በኛ ሒሳብ" አለኝ።

የተበላሁት እዚህ ጋ ነው። ካርቶኑን እሱ በብብቱ ይዞ ወደ ጓሮ ሲገባ እያየሁ፣ እኔ መንገድ ተሻግሬ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ሲቀዳልኝ ስልኬ ጮኸ፤ "አልቋል፣ ና"። ሄጄ ቁልፉን ሳዞር በአንዴ ተነሳ። የቀለም ሽታ ሸተተኝ። አዲስ ዕቃ አይደል፣ ይሸታላ ብዬ አለፍኩ። አሁን ሳስበው እነዚያ ሁለት ስኒዎች ቀለሙ እስኪደርቅ ነበሩ።

ዘጠኝ ቀን ሠራ።

ትላንት ሐሙስ ነው፣ የሂርማታ ገበያ ቀን። ከሳምንቱ ቀን ሁሉ አብልጬ የምሠራበት። ሁለት እናቶች ከነጆንያቸው ጭኜ ዝናቡ መጣ። ሞተሩ ጠፋ። ቁልፍ ሳዞር "ቀጭ"። አንዷ እናት ጭቃው ላይ ወርደው "ልጄ፣ እንግፋልህ እንዴ?" አሉኝ። እንዳፈርኩ አላህ ያውቃል።

ማታ ኮቺ ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ ጋር ወሰድኩት። ድሮ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠሩ ነበር፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ቴስተር አወጡ። ባትሪውን ለኩ፤ 12.6 ቮልት። "ባትሪህ ሙሉ ነው" አሉ። ቀጥለው አንዱን መርፌ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ አካል ላይ አደረጉና "አስነሳ" አሉኝ። አዞርኩ። 3.8 ቮልት አነበበ።

"እዚህ ጋ ዜሮ አካባቢ ነበር መሆን ያለበት" አሉ። "ግማሽ ቮልት ካለፈ ገመዱ ታሟል ማለት ነው።"

ማሳ የሚሉት የኔጋቲቩ ገመድ ነው። ሞተሩ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የጎማ ትራስ ላይ ስለተቀመጠ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚያ ገመድ ነው። ብሎኑን ሲፈቱት ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት። አምፖል ትንሽ ነው የሚወስደው፣ በዝገቱም በኩል ያልፍለታል። ሞተሪኖ ግን ብዙ ይፈልጋል፣ እዚያው ታንቆ ይቀራል። የልጁ ካቻቢቴም ሪሌውን ዘለለ እንጂ ይሄን ገመድ አልዘለለም። ስለዚህ በዚያ ምርመራ ደህናውም ሞተሪኖ የተቃጠለ ይመስላል። ያኔ ሲፈቱና ሲያስሩ ብሎኑ ተነካክቶ ለዘጠኝ ቀን ያዘልኝ።

"ታዲያ የድሮው ሞተሪኖዬ ደህና ነበር ማለት ነው?" አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። በባትሪ መብራት ሥር ሥሩን ያያሉ። "ይሄ ነው አዲሱ?" አሉ። አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ጥቁር ቀለም ነክቶታል። ጨርቅ ቤንዚን ነክረው ጎኑን አሹት። ቀለሙ እንደ ጥላሸት ለቀቀ። ከሥሩ በሚስማር የተጫረ "ሰ" ወጣ።

"ሰ" የኔ ስም መጀመሪያ ነው። ባለፈው ዓመት የሞተሪኖውን ካርቦን (ብሩሹን) ሳስቀይር፣ ዕቃዬን እንዳይለውጡብኝ ብዬ በራሴ እጅ የጫርኩት። አያችሁ ብልጠቴን? ሌባ ጠርጥሬ ምልክት አደረግኩ፣ ከዚያ ምልክቱን ትቼ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሞተሪኖውን አስፈትቼ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና አላለም። "ደረሰኝ አለህ?" አለ። ራሱ ነው እኮ የከለከለኝ! "ሰ"ዋን አሳየሁት። "ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ጭረህ አምጥተህ ቢሆንስ?" አለኝ። ያ ካቻቢቴ የያዘው ልጅ ከጓሮ ብቅ ብሎ "ሰ ማለት ሰላም ነው" ብሎ ሳቀ። ደንበኞችም ሳቁ። አንዱ የኔው ቢጤ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ገንዘብ እየቆጠረ ነበር። "እንዳትሰጣቸው" ስለው "አንተ ሥራህን ሥራ" አለኝ። ምን ልበለው? ከዘጠኝ ቀን በፊት እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ሞተሪኖው ተመልሶ ገብቷል። ገመዱን ጋሼ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገው አሰሩት፣ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። በአንድ ቀጭታ ይነሳል።

እናንተ ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪውን ጫፎችና ማሳውን አስፈትታችሁ አስፈግፍጉ። ቴስተር ያለው ሰው ይለካላችሁ። የወለቀውን ዕቃ ይዛችሁ ውጡ፣ ሲገጠምም አጠገቡ ቁሙ።

ቡናውንም ቢሆን እኔው ነኝ የከፈልኩት። "በነሱ ሒሳብ" ስላት ሴትዮዋ ስቃ "ሁሉንም እንደዚያ ብለው ነው የሚልኩብኝ" አለችኝ። ያኔ እንኳን አልገባኝም።