የልጅ ፋይል እንዴት እንደሚያዝ ላስተማሩኝ እትዬ

ሰላም ጎንደሬዎች! በተለይ ስፖርት ማኔጅመንት እየተማራችሁ ያላችሁ ወይም ለመመዝገብ የምታስቡ እህት ወንድሞቼ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሥራ ከያዝኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት ለእናቴ ነጠላ፣ ለእትዬ ደግሞ ሁለት ኪሎ ቡና ገዝቼ ሄድኩ። እትዬ ቡናውን ተቀብለው መርቀውኝ ሲያበቁ "ምስጋናህን ለኔ አታብዛው፤ ይልቅ ከኋላህ ላሉት ልጆች መንገዱን ንገራቸው" አሉኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ቃል አስገብተውኛል። ስለዚህ እዚህም እንደ ወትሮዬ እትዬ እላቸዋለሁ።

እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ በስፖርት መዝገብ ቤት የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። የተጫዋች ምዝገባ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የውድድር ቃለ ጉባኤ፣ የንብረት ገቢና ወጪ፣ ሁሉም በእጃቸው አልፏል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳቸው ላይ አራት አምስት ተማሪ ሰብስበው ሥራውን ያሳያሉ። አንድ ብር አይቀበሉም።

እኔ ወደዚህ ትምህርት የገባሁት በፋሲል ከነማ ምክንያት ነው። በ2013 ዓ.ም. አጼዎቹ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላይ ድምፄ እስኪዘጋ ከጨፈሩት አንዱ ነበርኩ። የዚያ ዓመት ጨዋታ ግን በኮሮና ምክንያት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተከፋፍሎ ነው የተካሄደው። ቡድናችን ሻምፒዮን ሲሆን እኛ ጎንደር ሆነን በቴሌቪዥን አየን። ደስታው ሲበርድ አንድ ጥያቄ ውስጤ ቀረ፦ አንድ ከተማ ውድድር እንዲያስተናግድ የሚመረጠው በምን መስፈርት ነው? ሜዳውን፣ መብራቱን፣ ሆቴሉን፣ ጸጥታውን ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚያሰላው? ጉልበቴ ተጎድቶ መጫወት ካቆምኩ ቆይቼ ስለነበር፣ ከኳስ ሳልርቅ የምኖርበት በር ይሄ ነው ብዬ በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ላይ ስፖርት ማኔጅመንት ጨመርኩ።

አባቴ "ኳስ ለመምራት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል?" ብሎ ነበር። አልፈርድበትም፤ ብዙ ወላጅ እንዲሁ ነው የሚያስበው። የምንማረውን አንድ በአንድ ነገርኩት፦ ፋይናንስ፣ ማርኬቲንግና ስፖንሰርሺፕ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የስፖርት ሕግ፣ የውድድር ዝግጅት፣ የማዘውተሪያ ሥፍራ አስተዳደር። ዝም አለኝ። በኋላ ግን ይድነቃቸው ተሰማን አስታወስኩት። ተጫዋች ነበሩ፣ አሰልጣኝ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። አባቴ ስማቸውን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ።

የክፍሉ ትምህርት ጥሩ ነበር፤ መምህራኖቼን አመሰግናለሁ። የከበደኝ አፓረንትሺፑ፣ ማለትም መሥሪያ ቤት ገብተን የምንሠራው የተግባር ልምምድ ነው። የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ አንድ ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሳነሳና ደብዳቤ ሳመላልስ ከረምኩ። ማህተም መቱልኝ፣ ውጤት ሞሉልኝ፣ ተሰናበትኩ። ምንም ሳልማር ልመረቅ ነው ብዬ ስጨነቅ አንዲት የክፍሌ ልጅ እጄን ይዛ እትዬ ጋ ወሰደችኝ።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ መቼም አልረሳትም። እትዬ ቡና እያፈሉ አንድ ባዶ ፋይል ሰጡኝና "አዘዞ ሜዳ ላይ የሚጫወት የ12 ዓመት ልጅ አለ እንበል፤ ፋይሉን ክፈትለት" አሉኝ። ስም፣ ፎቶ፣ ስልክ ጽፌ ጨረስኩ አልኳቸው። አይተው ዝም አሉ። ከዚያ በቀስታ "የልደት ካርዱስ? የወላጅ ፈቃዱስ? የሐኪም ምርመራውስ? በየትኛው ዓመት በየትኛው ቡድን እንደተመዘገበ፣ ከየት ቀን እስከ የት ቀን?" እያሉ ቆጠሩልኝ። ለሜዳ ልጅ ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ ስላቸው ነው እንግዲህ ትምህርቱ የጀመረው።

በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዘዋወር፣ ከዝውውር ገንዘቡ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ክፍል ውስጥ "የአብሮነት ክፍያ" ተብሎ በአንድ ስላይድ ያለፈው ይሄ ነበር። እትዬ ግን እስክርቢቶ አስያዙኝና አሰሉኝ። ዝውውሩ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። 5 በመቶው 50 ሺህ ነው። ከ12 እስከ 15 ላለው ዕድሜ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ 5 በመቶ ይታሰባል፣ 2,500 ዶላር ማለት ነው። ከ16 እስከ 23 ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ፣ 5,000 ዶላር። ልጁ ከ12 እስከ 15 አራቱን ዓመት አንድ ትንሽ የጎንደር ክለብ ውስጥ ተመዝግቦ ከተጫወተ ክለቡ 10 ሺህ ዶላር ይገባዋል። ለአንድ የታዳጊ ቡድን ይሄ ስንት ኳስ፣ ስንት ጫማ፣ የስንት ዓመት የመጓጓዣ ወጪ እንደሆነ እናንተ አስሉት።

ልጁ በክለቡ መጫወቱን የሚያሳይ ምዝገባ ከሌለስ? ክለቡ ተለይቶ ካልታወቀ ድርሻውን አያገኝም። ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለው አሰልጣኝና ቡድኑ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ይህን ክፍያ የሚያስፈጽመው የፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ የተባለው የክፍያ ማዕከል ነው፤ መነሻው ደግሞ በፌዴሬሽኖች የምዝገባ መረጃ የሚዘጋጀውና ተጫዋቹ መቼ የት ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳየው ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ነው። ያ መረጃ የሚጀምረው እትዬ ከሰጡኝ ባዶ ፋይል ነው።

ስለ ዕድሜ ማጭበርበር ያሉኝም እዚሁ ላይ ነው። "ልጁን ሁለት ዓመት ቀንሰህ ስትመዘግበው አንድ ዋንጫ ታገኝ ይሆናል። ግን የልጁንም የቡድንህንም ታሪክ ከሥሩ አበላሸኸው፤ ኋላ ማን ያምንሃል?" አሉኝ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በሥራ ዘመናቸው "ዝም ብለሽ ፈርሚ" ተብለው አልፈርምም በማለታቸው ብዙ እንደተገፉ ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው አላወሩኝም።

ንብረት አያያዝንም ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ኳስና ማሊያ ሲገባ በሞዴል 19 የገቢ ደረሰኝ፣ ሲወጣ በሞዴል 22 የወጪ ደረሰኝ፤ ያለ ፊርማ አንዲት መረብ እንኳ ከመጋዘን አትወጣም። አሁን በሥራዬ በየቀኑ የምነካው ነገር ነው።

ሌላው ስለ ሕዝብ ደኅንነት ያስተማሩን ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት እዚሁ ፋሲለደስ መዋኛ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ወገኖቻችንን አጥተናል። እትዬ የውድድር ዝግጅት ሲያስተምሩ የሚነሱት ከዚያ ነው። መቀመጫው ስንት ሰው ይችላል? ማን መረመረው? ሰው ሲሞላ "በቃ" ብሎ በሩን የሚዘጋው ማን ነው? አምቡላንሱ በየት ይገባል፣ መንገዱስ ክፍት ነው? አንድ ቅዳሜ እዚያው ወስደውን መግቢያና መውጫውን በእግራችን እየለካን ወረቀት ላይ አሰመሩን። ከዚያ ወዲህ ስታዲየም በገባሁ ቁጥር ከሜዳው በፊት በሮቹን ነው የማየው።

ስለ ሥራ ደግሞ አያሞኙም። ዲግሪው ብቻውን ወንበር እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራሉ። ክለቦቻችን ብዙዎቹ የመንግሥት በጀት ጠባቂ ናቸው፣ ቅጥሩም ጥቂት ነው። ስለዚህ ኤክሴል ልመዱ፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ ልመዱ፣ ደንብ አንብቡ ይላሉ። የተጫዋች ወኪል መሆን ለሚፈልግ የክፍላችን ልጅ የፊፋን ፈተና አሠራር አስረዱት፦ 20 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ፣ ማለፊያው 75 በመቶ። እኔ አሁን የያዝኩትን የክለብ ምዝገባ ሥራ ስወዳደር ፈታኞቹ "አንድ የተጫዋች ፋይል አደራጅና አሳየን" አሉኝ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

እትዬ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ያቺን የመጀመሪያዋን ባዶ ፋይል እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው የሚጀምሩት፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ያበቃል። በጾም በበዓል ቀን አይቀበሉም። ስልክና አድራሻቸውን በአደባባይ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ቦታ ጠባብ ስለሆነ በአንዴ ከአምስት ሰው በላይ አትሂዱ፤ ለዓመቱ ተመራቂዎች ቅድሚያ ብንሰጥ ደስ ይለኛል። ገንዘብ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ይከፋቸዋል። ቡና ግን አይመልሱም። ደብተር፣ ማስመሪያና አንድ ባዶ ፋይል ያዙ።