ቁጥር 13 ማሊያ ከቅዳሜ ገበያ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ልባሽ ልብስ ከሚሸጡ አንዲት እናት የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች የነበረውን የከርት ዋርነርን የራምስ ቡድን ማሊያ በ700 ብር ገዛሁ። ቁጥሩ የታተመ ሳይሆን የተሰፋ ነው፤ ክሩን በጥፍሬ ፈትሼዋለሁ። ብብቱ ጋ ትንሽ ተተርትሮ ነበር። እማማ "ቆይ ልጄ" ብለው እዚያው በመርፌ ጠቀሙልኝ። ለክቶ ማየት ግን የለም፣ ቦታው ጠባብ ነው።

ሰውየውን ከልቤ ነው የምወደው። በ1994 እ.ኤ.አ. ግሪን ቤይ ፓከርስ የተባለው ቡድን ገና ልምምድ ላይ እያለ አሰናበተው። ከዚያ አይዋ ግዛት ውስጥ ሱፐርማርኬት ገብቶ ሌሊት ሌሊት ዕቃ ደረደረ፣ በሰዓት 5.50 ዶላር! በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ራምስ ቴነሲ ታይታንስን 23 ለ 16 ረትቶ የፍጻሜውን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሲወስድ የጨዋታው ኮከብ እሱ ነበር።

እኔም የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ማሊያውን ከጋቢዬ ስር ለብሼ ነው የምገባው።