ፒዲኦ፦ አንድ ረድፍ ብቻ ለሚፈልግ

ለአንድ መጻሕፍት ቤት ድረ ገጽ ስሠራ የፈለግኩት ቀላል ነገር ነበር፤ በመለያ ቁጥሩ አንድ መጽሐፍ ማውጣት። ፒዲኦ፣ ማለትም የፕሮግራም ቋንቋው ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ፣ በሦስት መስመር ይጨርሰዋል። ፕሪፔር (ጥያቄውን ማዘጋጀት)፣ ኤክሰኪውት (ማስፈጸም)፣ ፌች (ረድፉን ማምጣት)። በቃ። ቁጥሩን ኤስኪውኤሉ (ለዳታቤዙ የሚጻፈው ጥያቄ) ላይ በእጄ ስለማልለጥፈው ኢንጀክሽን፣ ማለትም ሰው በጥያቄው ውስጥ የተንኮል ትእዛዝ ማስገባቱ፣ አያስጨንቀኝም። ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ ለማናገር የነበሩት የድሮዎቹ ፋንክሽኖች ከፒኤችፒ 7 ሲወገዱ ያለቀሰ ካለ እኔ አይደለሁም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ረድፉ ከሌለ ፌች ዝም ብሎ ፎልስ (ሐሰት) ይመልሳል። ይህን ሳላጣራ ርዕሱን ላሳይ ስል ገጹ በማስጠንቀቂያ ተሞላ። ያውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ቡናዬ ቀዝቅዞ። አሁን መጀመሪያ በኢፍ አጣራለሁ፣ ረድፉ ከሌለ 404 («ገጹ አልተገኘም»)። አንድ ዓምድ ብቻ የሚያመጣው ፌችኮለም ደግሞ ይብሳል፤ የዓምዱ ዋጋ ራሱ ፎልስ ከሆነ «ረድፉ የለም» ከሚለው መለየት አይቻልም። ለሙሉ ረድፍ ግን ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ።