ዕቃው በጀርባ ወይስ በብስክሌቱ ላይ?

ከሞጆ በባቱ አድርጎ ሐዋሳ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለተራ ብስክሌት ሦስት ቀን ይበቃል። ጥያቄው ዕቃውን ማን ይሸከም ነው።

የጀርባ ቦርሳ ወጪ የለውም። ግን 8 ኪሎ ይዤ ስነዳ እኩለ ቀን ሳይሞላ ትከሻዬ ይዝላል፣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ይጣበቃል፣ ኮርቻውም ይቆረቁረኛል።

እኔ የምመርጠው ከኋላ የዕቃ መጫኛ ብረት አስገጥሞ በግራና በቀኝ ቦርሳ ማንጠልጠልን ነው። ክብደቱ ዝቅ ስለሚል ብስክሌቱ አይንገዳገድም። ፔዳል ሲመቱ ተረከዝ እንዳይነካው ቦርሳው ትንሽ ወደ ኋላ ይሳብ፤ ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ካላማዳሪና መፍቻ ከላይ። የኋላው ጎማ ጠንከር ተደርጎ ይነፋ። ብሎኖቹን ማታ ማታ አጥብቁ፤ ችላ ብዬ መቂ የገባሁት ብረቱን በሲባጎ አስሬ ነው።

ለአንድ አዳርና ለአንድ ቅያሪ ልብስ ግን የጀርባው ይበቃል።