ኬ1000፣ ኤኢ-1፣ ኤፍኤም2 ወይስ ኦኤም-1? የፊልም ካሜራ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ያገለገለ የፊልም ካሜራ መግዛት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ካሜራ የተሻለ ፎቶ እንደሚያነሣ ነው። በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠሩትን ኤስኤልአር ካሜራዎች (በውስጣቸው ባለ መስታወት አማካይነት በራሱ በሌንሱ በኩል የሚታይባቸውን) በተመለከተ ግን ይህ ጥያቄ ገዢውን ሩቅ አያደርሰውም። ምስሉን የሚሠሩት ሌንሱና ፊልሙ ናቸው፤ የካሜራው አካል ሥራ ፊልሙን ከብርሃን ጠብቆ ማቆየትና በተፈለገው ቅጽበት፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ፣ ብርሃን ማስገባት ነው። ስለዚህ ፔንታክስ ኬ1000ን፣ ካኖን ኤኢ-1ን፣ ኒኮን ኤፍኤም2ንና ኦሊምፐስ ኦኤም-1ን እዚህ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ በዋናነት የምመዝናቸው በሁለት ነገር ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ምን ይሆናሉ? የሌንስ መግጠሚያቸውስ ምን ዓይነት ሌንሶችን እንድንሰበስብ በር ይከፍታል?

ከባትሪው እንጀምር። የኬ1000፣ የኤፍኤም2ና የኦኤም-1 ሻተር (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) በስፕሪንግና በጥርስ የሚንቀሳቀስ ፍጹም ሜካኒካል ነው። ባትሪ የሚፈልጉት ለብርሃን መለኪያው ብቻ በመሆኑ፣ ባትሪው ቢሞትም ብርሃኑን በዓይኑ መገመት የሚችል ሰው ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ኤኢ-1 ግን በ1976 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ ማይክሮፕሮሰሰር የተገጠመለት የመጀመሪያው ኤስኤልአር ነበርና ሻተሩ የሚታዘዘው በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ 6 ቮልት የሚሰጠው ባትሪ ከሌለ ቁልፉን ቢጫኑት ምንም አይንቀሳቀስም። ይህ ልዩነት ከሚመስለው በላይ ክብደት አለው። የተበላሸ ስፕሪንግ ወይም የደረቀ ቅባት በሠለጠነ እጅ ይጠገናል፤ የተቃጠለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን መተኪያው ሌላ የሞተ ካሜራ ፈትቶ ከማውጣት በቀር ብዙም መፍትሔ የለውም።

ይህን ስል ኤኢ-1ን ማጣጣሌ አይደለም። ከአራቱ ውስጥ ራሱ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያልፍበትን የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት፣ የሚመርጥ እርሱ ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው የሻተሩን ፍጥነት ይወስናል፣ የሌንሱን ቀለበት «ኤ» በሚለው ምልክት ላይ ያቆማል፣ የቀረውን ካሜራው ይሠራዋል። የሚሮጥ ልጅን ወይም የሚበር ወፍን ለሚያሳድድ ሰው ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ነገር ግን ሁሉን በእጁ ማዘዝ የሚወድ ሰው ቅር ይለዋል፤ በማያው (ዓይን በሚገባበት መስኮት) ውስጥ ያለው መርፌ የሚያሳየው ካሜራው የሚመክረውን አፐርቸር ብቻ ስለሆነ፣ ያነበበውን ቁጥር በሌንሱ ላይ ለማስተካከል ዓይኑን ከካሜራው ማንሣት ይኖርበታል። ሌላው የታወቀ ሕመሙ ሳል ነው። ከመስታወቱ ጋር በተያያዘው ክፍል ያለው ቅባት ሲደርቅ፣ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር እንደ ተበላሸ በር ማጠፊያ ያለ ቀጭን ሲጥታ ይሰማል። ቅባት በማግኘት የሚድን ነገር ነው፤ ሆኖም ድምፁን የሰማ ገዢ ካሜራው ለረጅም ጊዜ እንዳልታደሰ አውቆ ዋጋውን በዚያው ልክ ይከራከር።

ኬ1000 ከ1976 እስከ 1997 ሲመረት የቆየው ምንም የተጨመረበት ነገር ስለሌለው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ራስን ፎቶ ማንሻ ሰዓት የለውም፤ የትኩረቱን ጥልቀት (ጥርት ብሎ የሚወጣውን የርቀት ስፋት) አስቀድሞ ማሳያ የለውም፤ የብርሃን መለኪያውን መክፈቻና መዝጊያ እንኳ የለውም። መለኪያው የሚያርፈው የሌንሱ ክዳን ሲደፈን ብቻ ስለሆነ፣ ክዳኑን የሚረሳ ሰው ባትሪውን በከንቱ ይጨርሳል። በማያው ውስጥ አንዲት መርፌ ብቻ ትታያለች፤ መካከል ላይ ስትቆም ብርሃኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ መምህር አላውቅም። ሆኖም ስሙ ስለገነነ ከሚገባው በላይ ዋጋ የሚጠየቅበት ካሜራ እንደሆነ በግልጽ መናገር አለብኝ፤ የዚያው ዘመን ሌሎች የፔንታክስ ሞዴሎች ያንኑ ሌንስ ተቀብለው የበለጠ ይሰጣሉ።

በእጅ ሲያዝ የሚማርከው ኦኤም-1 ነው። የኦሊምፐሱ መሐንዲስ ዮሺሂሳ ማይታኒ የነደፈው ይህ ካሜራ በ1972 ኤም-1 ተብሎ ወጣ፤ የጀርመኑ የካሜራ ሠሪ ላይካ ስሙን ስለተቃወመ በ1973 ኦኤም-1 ተባለ። ክብደቱ 510 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የማያው መስኮት ግን ከእርሱ በጣም የሚበልጡ ካሜራዎችን የሚያስንቅ ሰፊ ነው። የሻተሩ ፍጥነት የሚለወጠው በአናቱ ላይ ሳይሆን በሌንሱ መግጠሚያ ዙሪያ ባለ ቀለበት በመሆኑ፣ ግራ እጅ ትኩረቱንም አፐርቸሩንም ፍጥነቱንም ከአንድ ቦታ ሳይነሣ ያዛል። ሁለት ነገር ግን ገዢውን ሊያስጠነቅቀው ይገባል። አንደኛው፣ የብርሃን መለኪያው የተሠራው 1.35 ቮልት ለሚሰጠው የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ ለአካባቢ መርዛማ በመሆኑ ከገበያ ወጥቷል፤ በምትኩ 1.5 ቮልት የሚሰጥ ተራ ባትሪ ሲገባ መለኪያው ይዋሻል። መፍትሔው ቮልቱን የሚቀንስ ማስገቢያ መግዛት፣ ወይም የዚንክ-ኤር ባትሪ መጠቀም፣ ወይም በባለሙያ ማስተካከል ነው። ሁለተኛው፣ ከማያው ፕሪዝም (ምስሉን ወደ ዓይን ከሚመልሰው መስታወት) አጠገብ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት እየሟሟ የፕሪዝሙን ብርማ ሽፋን ይበላል። በማያው ሲመለከቱ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም መስመር ካዩ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ኤፍኤም2 በ1982 ሲወጣ የሻተሩ ከፍተኛ ፍጥነት 1/4000 ሰከንድ ነበር፤ የሌሎቹ ሦስቱ ከ1/1000 አያልፍም። ይህ ማለት በጠራራ ፀሐይ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማንሣት ይቻላል ማለት ነው። ከፍላሽ ጋር የሚስማማበት ፍጥነትም በመጀመሪያ 1/200፣ ቆይቶም 1/250 ሆኗል፤ የሌሎቹ 1/60 ነው፤ ፊትን በጥላ ውስጥ በፍላሽ ለሚያበራ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቀዋል። ለብዙ ዓመት የሚያገለግለውን አንድ ካሜራ ብቻ መግዛት ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመርጥለት ይህን ነው፤ በዋጋ ከአራቱ ውዱ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ እርሱው ነው።

አሁን ወደ ሌንሱ እንሂድ፤ ሰብሳቢ ለሆነ ሰው ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የኒኮን መግጠሚያ ከ1959 ጀምሮ ቅርፁ ስላልተለወጠ የሌንሱ ዓይነት እጅግ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከ1977 በፊት የተሠሩትንና ያልተስተካከሉትን ሌንሶች ኤፍኤም2 ላይ መግጠም ካሜራውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ «ኤአይ» የሚባለውን ዓይነት መሆኑን አረጋግጦ መግዛት ያስፈልጋል። የካኖን ኤፍዲ ሌንሶች ጥራታቸው ከማንም አያንስም፤ ካኖን በ1987 መግጠሚያውን ሙሉ በሙሉ ስለለወጠ ግን በኋለኞቹ የካኖን ኤስኤልአሮች ላይ በቀጥታ አይገቡም። በዚሁ ምክንያት ዋጋቸው ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ቆይቶ፣ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) የሚቀበሏቸው ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት የሌላቸው ዲጂታል ካሜራዎች ሲመጡ እንደገና ተፈላጊ ሆነዋል። የኦሊምፐስ ዙይኮ ሌንሶች ትንንሾች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት 49 ሚሊሜትር ፊልተር ስለሚጋሩ ቦርሳ ያቀልላሉ።

ፔንታክስ እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ብልጫ አለው። የኬ መግጠሚያና የቀድሞው ኤም42 ጠመዝማዛ መግጠሚያ ከፊልሙ ያላቸው ርቀት እኩል 45.46 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በአንዲት ቀጭን ቀለበት አማካይነት አብዛኞቹ የኤም42 ሌንሶች ኬ1000 ላይ ይገባሉ፤ ሩቁንም ጥርት አድርገው ያሳያሉ። በኒኮንና በኦሊምፐስ ላይ ግን ርቀቱ ከዚህ ስለሚበልጥ ያለ ተጨማሪ መስታወት ሩቁ አይጠራም። ይህ ማለት የኬ1000 ባለቤት ከበስተጀርባ ያለውን ቅጠል እንደ አዙሪት የሚያሽከረክረውን የሶቪየቱን ሄሊዮስ 44ን፣ እንዲሁም የፔንታክሱን ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ/1.4ን መጠቀም ይችላል ማለት ነው። የኋለኛው ሌንስ በአንዳንድ ዝርያዎቹ መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ስላለበት በጊዜ ብዛት እንደ ሻይ ይቢጫል፤ ለተወሰኑ ቀናት ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ግን ቢጫነቱ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቢጫ ስለሆነ ብቻ አይጣል።

የማይለቀው ሻጋታ ነው። አንድ ጊዜ «ንጹሕ» ተብሎ የተሸጠልኝን ሌንስ በመስኮት ብርሃን አይቼ ምንም ስላላገኘሁበት ገዛሁት። ማታ አፐርቸሩን ከፍቼ የእጅ ባትሪ ከኋላ በኩል ዘንበል አድርጌ ሳበራበት፣ ከመስታወቱ ዳር ተነሥቶ ወደ መካከል የሚሄድ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር አየሁ። በዚያ ሌንስ ወደ ፀሐይ ዞሬ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ጭጋግ የለበሱ ሆኑ፤ ለማጽዳት ቢሞከርም ሻጋታው የመስታወቱን ሽፋን በልቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ እጅ ባትሪ ሌንስ አልገዛሁም። በዚያው አጋጣሚ የአፐርቸሩን ስስ ብረቶች ማየት ይገባል፤ ዘይት ነክቷቸው የሚያብረቀርቁ ከሆነ ሲጫኑ ቀስ ብለው ይዘጋሉ፣ ፎቶውም ከመጠን በላይ ብርሃን ያገኛል።

ካሜራውን በተመለከተ፣ ፊልም እንደሌለበት ካረጋገጡ በኋላ የኋላ በሩን ከፍተው በበሩ ቦይ ውስጥ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጣት ይንኩት፤ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ከሆነ ብርሃን ስለሚያስገባ መቀየር ይኖርበታል፤ ይህም ቀላል ሥራ ነው። ቀጥሎ በኤኢ-1 ባትሪ አስገብተው፣ በሌሎቹ ያለ ባትሪ፣ ፍጥነቱን 1 ሰከንድ ላይ አድርገው ያንሡ። ሻተሩ ተከፍቶ ቀርቶ ወይም እየተንተባተበ የሚዘጋ ከሆነ የውስጡ ቅባት ደርቋል። ከዚያ 1/1000 ላይ አድርገው በሩ እንደተከፈተ ወደ ደማቅ ብርሃን አዙረው ደጋግመው ያንሡ፤ በየጊዜው የሚታየው ብልጭታ የፊልሙን መስኮት ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልሞላ፣ የፎቶው አንድ ወገን ይጠቁራል። ይህን ሁሉ ካለፈ አንድ ጥቅል ፊልም አስገብተው የእያንዳንዱን ፎቶ ፍጥነትና አፐርቸር በወረቀት እየመዘገቡ ይጨርሱት፤ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የተበላሸው የትኛው ፍጥነት እንደሆነ ከመዝገቡ ጋር በማስተያየት ይታወቃል።