ስድስት ኪሎ ላይ፦ እርጥብ ወይስ በየዓይነቱ?

ነን ካፌ (የዩኒቨርሲቲውን ካፌ ትተህ ውጭ የምትበላ ተማሪ) ከሆንክ ምሳ ሰዓት ላይ ጥያቄው ሁሌ ይሄው ነው። እርጥብ ፈጣን ነው፤ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንች፣ አዋዜ፣ እየበላህ ክላስ ትደርሳለህ። ግን ዳቦና ድንች ብዙ ፕሮቲን ስለሌላቸው አስር ሰዓት ሳይሞላ ይርብሃል፣ ከዚያ ሻይና ብስኩት ትጨምርና ያተረፍከው ብር እዚያው ያልቃል።

በየዓይነቱ ላይ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ቀይ ስር በአንድ ትሪ ይመጣልሃል፤ ለሁለት አንድ አዝዛችሁ እንጀራ ብታስጨምሩ ደግሞ ሒሳቡ ይቀልላል (ለጭማሪ የሚያስከፍሉ ቤቶች ስላሉ ቀድማችሁ ጠይቁ)። እኔ ይሄን እመርጣለሁ። በተለይ ረቡዕና ዓርብ ጿሚው ብዙ ስለሆነ ወጡ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ትኩስ ታገኛለህ።

በክላስ መሃል ያለህ 15 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ግን እርጥብ ይሁን፣ እንቁላል አስጨምርበት።