ለድሬዳዋ የቤት ጥገና ኮንትራክተር ስልክ የሚያስደውለው የቱ ነው? የጉግል ፕሮፋይል፣ ዊክስ ወይስ ዎርድፕሬስ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ማወቅ የሚሻው ሦስት ነገር ነው፦ ይህን ሥራ ትሠራላችሁ? እኔ ሰፈር ትመጣላችሁ? ቁጥራችሁ ስንት ነው? ሦስቱንም አማራጮች የምንመዝናቸው በዚሁ ነው፤ የገጹ ውበት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል

ንግድዎ በጉግል ፍለጋና ካርታ ላይ የሚታይበት ገጽ ነው፤ ክፍያ የለውም። ካርታው ላይ ከስምዎ ሥር የመደወያ ቁልፍ ይወጣል፤ ስንት ጊዜ እንደተጫኑትም ያሳያል። ደንበኛ ቢሮ ድረስ የማይመጣበት ሥራ ከሆነ አድራሻዎን ደብቀው የሚሠሩባቸውን አካባቢዎች ያስገቡ፤ እስከ 20 ይፈቀዳል። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ አብራ ትግባ። ማረጋገጫ ብዙውን ጊዜ በቪዲዮ ይጠየቃል፦ ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ መሣሪያዎን፣ የሥራ ቦታዎንና የንግድ ፈቃድዎን ያሳያሉ። ስሙ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም።

ድክመቱ ቤቱ የጉግል፣ እርስዎ ተከራይ መሆንዎ ነው። ከፕሮፋይሉ ጋር በነፃ ይሰጥ የነበረው ድረ ገጽ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ያንን አድራሻ ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያሳተመ ሰው ካርዱን እንደገና ማሳተም ነበረበት።

ዊክስ

ድረ ገጽ በራስ የሚሠራበት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው፤ ያለ ባለሙያ በአንድ ቀን ገጽ ይቆማል። ነፃው ግን የዊክስን ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ የራስዎን ስም የያዘ አድራሻም አይቀበልም። የሚከፈልበት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍልልዎ ከሆነ ክፍያው በተረሳ ቀን ገጹ ወደ ነፃው ይመለሳል። ገጹን ነቅለው ሌላ ድርጅት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ መትከልም አይችሉም። ድሬዳዋ ላሉ ኮንትራክተሮች አንመክረውም።

ዎርድፕሬስ

ድረ ገጽ የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የሚከፍሉት ለዶሜይን (ለገጹ አድራሻ)፣ ለሆስቲንግ (ገጹ ለሚቀመጥበት ቦታ) እና ለሠሪው ነው። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ሻጮች አሉ፤ ካልተስማማዎት ሙሉውን ገጽ ይዘው ይሄዳሉ። ነገር ግን ጥሩ ሆኖ ካልተሠራ ስልክ አያስጠራም፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳያንሸራትቱ የሚታየውን ክፍል ይመልከቱ። «ጥራት ያለው አገልግሎት እንሰጣለን» ለማንም ምንም አይነግርም። «በድሬዳዋና በሐረር የጣሪያ ፍሳሽ፣ የቧንቧና የሴራሚክ ሥራ» የሚለው ግን ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱን መልሷል። ከተማዋን አንዳንዱ «ድሬዳዋ»፣ አንዳንዱ «ድሬ ዳዋ»፣ ሌላው በላቲን ፊደል ስለሚጽፋት ሦስቱም አጻጻፍ ገጹ ውስጥ ይኑር። ፎቶው የራስዎ ሥራ ይሁን። የከተማው ውሃ ካልሲየም ይበዛበታልና፣ ተቆርጦ ውስጡ በነጭ ድንጋይ የተደፈነ ቱቦ ከአዲሱ ጎን ቢታይ የከዚራም የመጋላም ነዋሪ የራሱን ቤት ያይበታል።

ቁጥሩ ምስል ላይ ከተጻፈ ሲጫኑት አይደውልም። ተጫኝ ሆኖም በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ከሆነ ከጅቡቲ ሆኖ ቤት ለሚያሠራ ሰው ጥሪው አይወጣም፤ 0ው ወጥቶ በ+251 መተካት አለበት። ለዋትስአፕ ማገናኛ ደግሞ የመደመር ምልክቱም ይነሣና በ251 ይጀምራል። አንባቢው ወደ ታች ሲወርድም የመደወያ ቁልፉ ከስክሪኑ ግርጌ አይጥፋ።

ሁለተኛው ችግር ክብደት ነው። ከስልክ የወጣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን አሥሩ 40 ሜጋባይት ነው፤ በሞባይል ዳታ የሚያይ ሰው ሳይከፈትለት ይወጣል። ስፋቱን 1200 ፒክስል፣ ክብደቱን ከ200 ኪሎባይት በታች ያድርጉት። ጉግል ጥሩ የሚለው የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ሲታይ ነው።

ሦስተኛው ደንበኛው ገጹ ላይ ሞልቶ የሚልክልዎ ቅጽ ነው። ዎርድፕሬስ እንዲሁ ሲተው የሚልከው ኢሜይል ብዙ ጊዜ ስፓም (የማይፈለጉ መልእክቶች ሳጥን) ውስጥ ይገባል፤ ደንበኛው ጽፎ ይጠብቃል፣ እርስዎ አላዩም። ሠሪው የኤስኤምቲፒ ፕለጊን (ኢሜይሉ በእውነተኛ የኢሜይል አካውንት በኩል እንዲላክ የሚያደርግ ተጨማሪ ፕሮግራም) ያስገባ፤ ቅጹም ከስም፣ ስልክና ሰፈር አይለፍ።

ቴሌግራም ቻናል የሚያውቅዎትን ሰው ያቆያል፤ ጉግል ላይ «የቧንቧ ሠራተኛ ድሬዳዋ» ብሎ የሚፈልገውን እንግዳ ግን እምብዛም አያመጣም።

የእኛ ምርጫ፦ በዚህ ወር ፕሮፋይሉን ብቻ ይክፈቱ። ሥራ ባስረከቡ ቁጥር የአስተያየት መስጫውን ሊንክ ለደንበኛው በቴሌግራም ይላኩ፤ ለአስተያየት መክፈል በጉግል የተከለከለ ነው። ደዋይን ሁሉ «ከየት አገኙን?» ብለው ጠይቀው ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ቁጥሩን በእጁ የደወለውን ጉግል አይቆጥርልዎትምና። ደብተሩ ከጉግል የሚመጣ ሰው መኖሩን ሲያሳይ ዎርድፕሬሱን ያሠሩ፤ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት አንድ ገጽ ይኑረው።

ለሠሪው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ዋይፋይ አጥፍተው በዳታ ይክፈቱት፣ ቁጥሩን ተጭነው ይደውሉ፣ ቅጹን ሞልተው ኢሜይሉ መድረሱን ይዩ። ዶሜይኑ በእርስዎ ስምና ኢሜይል ካልተመዘገበ ግን ገንዘቡን ይያዙ፤ ከሠሪው ጋር በተጣላችሁ ቀን አድራሻው የእሱ ነው።